ዓምዱ ብቅ እስኪል

መምህሩ በየጠዋቱ፣ ተማሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ፕሮጀክተሩን በጣቱ ተጭኖ ያበራል። ሪሞቱ ከጠፋ ቆይቷል። ከዚያ ወርዶ የረገጠውን ወንበር በመሐረብ ይጠርጋል፣ መጋረጃውን ይስባል፣ በር በሩን እያየም ይጠብቃል። ተማሪዎቹ «ጋሽ ለምን» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ የሚያስተምረው ሂሳዊ አስተሳሰብ የሚባለውን ኮርስ ነው፣ ማንም መልስ በሰጠ ቁጥርም «ለምን?» ይላል። ሚስቱም ይህን ሰምታለች። «ለተማሪ ሲሆን ነው እንጂ እኔ ለምን ስልህማ ፊትህ ይጠቁራል» ትለዋለች።

ክፍሉ ዘመናዊ ከሚባሉት ነው። በእያንዳንዱ ተማሪ ፊት ታብሌት አለ። ጥያቄ ሲቀርብ «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» የሚለውን ይነካሉ፤ ግድግዳው ላይ አረንጓዴና ቀይ ዓምዶች ወዲያው ያድጋሉ።

አንድ ቀን ሆን ብሎ የተሳሳተ ነገር አቀረበላቸው፦ «ጃንጥላ የያዘ ሰው በሚበዛበት ቀን የመኪና ግጭት ይበዛል። ስለዚህ ግጭቱን የሚያመጣው ጃንጥላ ነው።»

ሁሉም ግድግዳውን ያያል እንጂ ታብሌቱን የሚነካ ጠፋ። በመጨረሻ አንዱ፣ ምናልባትም ሳያስበው፣ አረንጓዴውን ነካ። ዓምዱ ብቅ ከማለቱ የቀረው ሁሉ ግር ብሎ ተከተለ።

«ጃንጥላ ነው መኪና የሚያጋጨው?» አለ መምህሩ።

«ብዙው ሰው እንደዚያ ብሏል እኮ፣ መምህር» አለ የክፍሉ ተጠሪ፣ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔም ከብዙው ውስጥ ነኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ የዚያን ዕለት ደሙ ፈልቶ ቤቱ ገባ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ፣ ሁሉም መልሶ እስኪጨርስ ዓምዶቹ እንዳይታዩ አደረገና ያንኑ ጥያቄ ደገመው።

«መምህር፣ ስክሪኑ ሞቷል» አለ ተጠሪው።

«አልሞተም። እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

«ታዲያ ምን እያየን እንመልስ?»

«ጥያቄውን።»

ጉርምርምታው በዛ፤ ሳይመልስ የቀረም ነበር። ከኋላ ረድፍ ግን ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ ተማሪ «ዝናብ ሲመጣ እኮ ጃንጥላውም ይበዛል፣ መንገዱም ያንሸራትታል» አለች። አንዱ «ዝናብን ደግሞ ማን አነሳ?» ብሎ ያዛት። እሷም አልለቀቀችውም። ሌሎቹ ገቡበት፤ መምህሩ ትንፍሽ ሳይል ሰዓቱ አለቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ እያፏጨ ወጣ።

ደስታው አልዘለቀም። ተጠሪው ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቤት ብሎ ኖሮ፣ ኃላፊው በማግሥቱ ራሱ ክፍል ድረስ መጣ። ከመምህሩ ጋር አብረው የተማሩ ናቸው።

«ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ዕቃ ያስገባነው እንድትደብቀው ነው እንዴ? የተሳትፎው ቁጥር ወርዷል።»

«የወረደው ማሰብ ስለጀመሩ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ተወኝ።»

«እኔና አንተ ምን ያጨቃጭቀናል? ራሳቸው ይወስኑ።» ኃላፊው ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ «ዓምዶቹ እንደ በፊቱ ይታዩ» ሲል ጻፈ። ለምርጫው ብሎም ዓምዶቹን ከተደበቁበት አወጣቸው።

«ቢያንስ ዓምዶቹ ተደብቀው ይምረጡ እንጂ» አለ መምህሩ።

«ግልጽ ምርጫ ነው። ምን የሚደበቅ ነገር አለው?»

ተጠሪው ቀድሞ ነካ። አረንጓዴው ብቅ አለና ተመዘዘ። በዚህ መሀል ቀዩ ጥፍር ታህል ከፍ አለ፤ ጥቂት ብቻውን ቆሞ ተመልሶ ጠፋ። መምህሩ ወደ ኋላ ረድፍ ዞረ። ልጅቷ እጇን ከታብሌቱ ላይ አንስታ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ሊጠራት ፈለገ፤ በሰው ፊት እንዳያሳፍራት ብሎ ዋጠው።

«ይኸው፣ አንድም የተቃወመ የለም» አለ ኃላፊው፣ የመምህሩን ትከሻ መታ መታ እያደረገ።

ከሰኞ ጀምሮ ትምህርቱ ዓምዶቹ እየታዩ ይሰጣል። መደበቂያውንም ኃላፊው በራሱ የይለፍ ቃል ዘግቶታል።