አፍንጫዬና የአርባው ቀን

አፍንጫዬ ትልቅ ነው። ከእኔ ቀድሞ በር የሚያልፍ፣ ከእኔ ቀድሞ ጅቡቲ የገባ አፍንጫ ነው እያልኩ የባቡር ጣቢያ ባልደረቦቼን አስቅበት ነበር። ይህን ሁሉ ግንብ ይዞ ግን ውስጡ እንደ ሲጋራ ወረቀት ስስ ነው። ሰኔ ተጋምሶ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ንፋስ የበረሃውን አሸዋ ተሸክሞ ጅቡቲ ያለው ሰፈሬ፣ ካርቲዬ ሁለት ላይ ሲነሳ፣ ያለ ጠብ፣ ያለ ቡጢ ይነስረኛል።

ሚስቴ በሕይወት ሳለች ነስሬን የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። ማለዳ በትንሽ ጣቷ አፍንጫዬ ውስጥ ቫዝሊን ትቀባኛለች፤ ማራገቢያው ፊት እርጥብ አንሶላ ትሰቅላለች፤ የደም ግፊት ክኒኔን ስውጥ አፌን አስከፍታ ታያለች። ጣቴ ወደ አፍንጫዬ ከሄደማ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ቁፋሮውን ተወው፣ ወርቅ የለበትም" ትለኛለች። የነሰረኝ እንደሆነ ወደ ፊት ጎንበስ ታደርገኝና፣ ሐኪም እንዳሳያት፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳውን ቦታ ቆንጥጣ አሥር ደቂቃ ሙሉ አትለቅም። በዚያ መሃል አፍ ስለሌለኝ የዓመቱን ወቀሳ ሁሉ የምታወርድብኝ ያኔ ነበር።

ያረፈችው ካምሲን በጀመረ ሰሞን ነው። አላለቀስኩም። ጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ሲወጋችሁ ከንፈራችሁ የሌላ ሰው ከንፈር ይሆን የለ? እኔ ሁለመናዬ እንደዚያ ሆነ። ለቅሶ ደራሽ እጄን ሲጨብጠኝ መጨበጤን ለማወቅ ወደ እጄ ማየት ነበረብኝ።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ነሰረኝ። እኛ ነስር ስናይ የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ የሰውየውን ራስ ወደ ኋላ ማቅናትና አናቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ። "ቀና በል! ቀና በል! ውሃ አምጡ!" ተባለ። ባልደረቦቼ አገጬን ወደ ድንኳኑ ጣሪያ ገፍተው ጆግ ሙሉ ውሃ ደፉብኝ። ስህተት መሆኑን አውቅ ነበር፤ ግን ግድ አልሰጠኝም። ደሙ በጉሮሮዬ ወረደ፤ ዋጥኩት፣ ዋጥኩት፣ በመጨረሻ ለቀስተኛው ሁሉ እያየ ምንጣፉ ላይ አስመለሰኝ።

ለቀብሩ ከድሬዳዋ የመጣችው ልጄ "አባዬን ደም አስመለሰው!" ብላ ጮኸች። ሰፈሩ "ሐዘኑ ነው" አለ። ኧረ አፍንጫዬ ነው ብል ማን ይስማኝ።

"ድሬዳዋ እወስድሃለሁ" አለች ልጄ፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ።

"አፍንጫ ነው እኮ።"

"እማዬም 'ድካም ነው እኮ' ነበር ያለችው።"

ብዙ ተከራክረን ተስማማን፦ ለአርባው ስትመለስ ራሴን መጠበቅ መቻሌን ካየች እዚሁ እቀራለሁ፤ ካልቻልኩ ጠቅልላኝ ትሄዳለች። ለምን መቅረት እንደፈለግኩ አትጠይቁኝ፤ በዚያ ሰሞን የምፈልገው ነገር አልነበረኝም። የማልፈልገው ግን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ጣቢያው ላይ የሰው ዕቃ ሳስጭን ኖሬ፣ አሁን እኔው ተጠቅልዬ ልጫን?

እናም በሚስቴ ቦታ ሥራ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ቫዝሊኑን አብዝቼ አፍንጫዬ ተደፈነ፤ እንደ ዓሣ በአፌ ስተነፍስ ዋልኩ። አንሶላውን ሳልጨምቅ ሰቅዬ ወለሉን ባሕር አደረግኩት። ክኒኔን ከዋጥኩ በኋላ መስታወት ፊት አፌን ከፍቼ ለራሴ አሳየሁ፤ ራሴም አላመነኝም። ጥፍሬን ቆረጥኩ። ከፋርማሲ የጨው ውሃ ገዝቼ ጠዋትና ማታ አፍንጫዬ ውስጥ ጠብ አደረግኩ። ጫት ተውኩ ብዬ አልዋሽም፤ ቀነስኩ። ነስሩም ቀነሰ። ግን ካምሲን ካምሲን ነው።

የአርባው ዕለት፣ ልጄ በዋዜማው ገብታ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ ምሳ እየተበላ አስነጠሰኝ። ነጩ ሸሚዜ ላይ ጠብ ሲል አየሁት። ባልደረቦቼ ጆጋቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

"ቀና በል!"

"አልልም።"

"ሰውየው ሊሞትብን ነው፣ ያዙት!"

"የነካኝን እነክሰዋለሁ!" አልኩ። አፍንጫዬን ቆንጥጬ ስለነበር ድምፄ እንደ ዳክዬ ሆነና ማንም አልፈራኝም።

ሳፋ ጎትቼ ጎንበስ አልኩበት፤ አፌን ከፍቼ መተንፈስ ጀመርኩ። ልጄ እጇን አጣምራ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ዞረች። ጆግ የያዘው ባልደረባዬ አላስችል ብሎት፣ "ታዲያ እግሩ ላይ ላፍስስለት?" አለ።

"ጋሼ፣ ተቀመጥ" አለችው። የድሬ ልጅ ናት፤ አንቱታ አታውቅም።

"ልልቀቀው?" አልኩ።

"ገና ነው።"

"ቆሞ እንደሆነ ለአፍታ ልየው?"

"አባዬ! ለማየት ስትለቀው ነው የሚብስብህ። ካልቆመ ሆስፒታል፤ ከዚያ ድሬዳዋ።"

ያዝኩት። የሚበላው ሰው መብላቱን አቁሞ እኔን ያያል። ልቤ ሊመታ ይገባው ነበር፤ የመታም አልመሰለኝ። አሥር ደቂቃው ሲሞላ ልጄ ራሷን ነቀነቀች፤ ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ጠበቅን። ሳፋው ውስጥ አዲስ ጠብታ አልወደቀም። መናፈጥ ቢያምረኝም ተውኩት። ትኩስ ሻይ ሲያቀርቡልኝ "ይቀዝቅዝ" ብዬ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ልጄ ይህን ሁሉ አየች።

ሰው ከተበተነ በኋላ ሳህን እየሰበሰበች፣ "ነገ ብቻዬን ነው የምሄደው" አለች።

ደስ እስኪለኝ ጠበቅኩ። ደስታው አልመጣም።

"ሲያቅትህ ትነግረኛለህ?"

"እነግርሻለሁ።"

"ትዋሻለህ።"

"አዎ።"

ሳቀች፤ ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ገና ማየቴ ነው። እኔም ሳቅ እንዲመስላት ትከሻዬን አንቀጠቀጥኩ።