ዐይናቸውን ጨፍነው የቆሙት

ልጅ ሳለሁ ወረታ ገበያ ዳር የነበረው የአባቴ የልብስ ስፌት ሱቅ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የተረት ቤት ይሆን ነበር። አባቴ የስፌት መኪናውን ሸፍኖ ኩራዙን ይለኩስና ከጠረጴዛው ሥር አንድ ሰፊ ጣውላ ያወጣል። ጣውላው ላይ ከጭቃ የተሠራ የናፖሊዮን ጦር በበረዶ ውስጥ ከሞስኮ ይመለሳል። ታላቅ ወንድሜ ከማል፣ ተዛውሮ የሄደ አስተማሪው ከተወለት ባለሥዕል የታሪክ መጽሐፍ እያነበበ ይተረጉማል፤ አባቴ የሰማውን በጣቱ እየሠራ ለእኔ ይተርክልኛል። ያኔ ከማንደጃው የሚነሳው የኩበት ጭስ ጣውላው ላይ ሲተኛ የዚያ አገር ጉም ይመስለኝ ነበር።

ወታደሮቹ ከጣት አይበልጡም። ገላቸው ከቁሐር ሚካኤል የመጣ ጥቁር ጭቃ፣ አዝራራቸው የጤፍ ፍሬ፣ በረዶው ኖራ ነበር። እናቴ «በረዶ ማሽላ ያወድማል እንጂ ሰው እንዴት ይፈጃል?» እያለች ትስቅበታለች። አባቴ ግን ቀልድ አያውቅም። ካፖርቱን ሁሉ ሰማያዊ አድርጎ ሰፍቶ ከጨረሰ በኋላ ከማል ሌላ ገጽ ላይ ግራጫ ይለብሱ እንደነበር ቢያነብለት፣ ሁሉንም ተርትሮ እንደገና ሰፋ።

መንገድ ዳር የወደቁት ያሳዝኑኝ ነበር። ዐይናቸውን በመርፌ ጫፍ ጨፍኖላቸዋል።

«አባዬ፣ ይኼን አንዱን እንኳ አንሳው» ብዬ ለመንሁት።

«የወደቀው ወድቋል፣ ዘሃራ። አንቺ ስላዘንሽለት አይነሳም» አለኝ። ክፉ ሰው መሰለኝ፤ ሁለት ቀን አኮረፍሁት።

በዓመቱ ከማልን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ከሰሜን አንድ ደብዳቤ ላከ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። አባቴ ማንበብ ስለማይችል ከከማል የሰማውን ብቻ ደጋግሞ ይተርክልኝ ጀመር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ጣውላውን አየ። ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን እንደሚፈልገው ተናገረ።

«ግን ጓድ ሰይድ፣ የወደቁት ይነሱ።»

«የፈረንሳይ ጦር እኮ ነው፤ ታሪኩ እንዲህ ነው» አለ አባቴ።

«የማንም ይሁን! ልጆቻችን ግንባር ላይ ሆነው ሕዝቡ የወደቀ ወታደር አያይም። ይልቅ ነገሩ ካማረልን ስለ ከማል ለአውራጃው ደብዳቤ እጽፋለሁ። ወደ ኋላ ሊያዛውሩት ይችላሉ።»

አባቴ ጳጉሜን ሙሉ፣ የፎገራ ሜዳ በውሃ ተውጦ ሰው ከቤት በማይወጣበት ሰሞን፣ ቀጭን ስንጥር እየጠረበ በየወደቀው ወታደር ጀርባ እየሰካ አቆማቸው። ያን ሰሞን ተረት የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ ግን ልመናዬ የተሰማ መስሎኝ ፈነደቅሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

«ዐይናቸውስ?» አልሁት።

«እሱን አልነካም» አለ።

በበዓሉ ዕለት ሕዝቡ ከበበው፣ ሊቀ መንበሩ አጨበጨበ። ዐይናቸውን ያየ አልነበረም።

መስቀል ሳይደርስ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ደጃችን ቆሙ። እናቴ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ አውቃ ጮኸች። ከማል የሞተው ሐምሌ ላይ ነበር። አባቴ ስንጥር ሲጠርብ ልጁ ከተቀበረ ከርሟል፤ ደብዳቤው ይጻፍ አይጻፍ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለቀስተኛው ሲበተን አባቴ ጣውላውን ከቀበሌ ተሸክሞ አመጣ። እያንዳንዱን ስንጥር እየነቀለ ወታደሮቹን ወደነበሩበት አስተኛቸው። አንዳንዶቹ ወገባቸው ተቀነጠሰ።

«ልጄ ወድቆ ሳለ እኔ የሌላ ሰው ልጅ አቆም ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ ተርኮልኝ አያውቅም።

ያን ዕለት አንዱን ወታደር ስንጥሩ ሳይነቀል ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ አስቀረሁ። አባቴ አንድ እንደጎደለው ያውቅ ነበር፤ የጤፍ ፍሬ የማይስት ሰው ወታደር አይስትም። ሳይጠይቀኝ ሞተ። ወታደሩ አሁን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ ካፖርቱን ብል በልቶታል። ስንጥሩን ልነቅል ስንት ጊዜ እጄን ዘርግቼ መለስሁ። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ አባቴ ቢያየው ያፍርብኛል። ቢሆንም እኔ ቤት አንድ ሰው፣ ዐይኑን እንደጨፈነ፣ ቆሟል።