ጴጥሮስ በብስክሌት ያወጣኝ የቀይ አፈር ዳገት

ጴጥሮስ ሞተ አሉኝ። ከጂንካ የደወለችልኝን ልጁን ሁለቴ አስደገምኳት። አሁንም አልገባኝም። ሰሞኑን እኮ በስልክ ስንሳሳቅ ነበር።

ለማታውቁት፦ በደርግ ጊዜ ከጂንካ በታች ቆላው ላይ፣ ወይጦ፣ አብረን እናስተምር ነበር። እኔ የጂንካ ከተማ ልጅ፣ እሱ የአሪ ገበሬ ልጅ። አንድ ከባድ የቻይና ብስክሌት ነበረው። አማርኛው ላይ "አንተ"ና "አንቺ" እየተምታቱበት አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ያደርገኝ ነበር።

አንድ ቀን ገና ሲነጋ በሬን አንኳኳ። "እናትሽ በጣም ታመዋል። ተነሺ እንሂድ" አለኝ። ከጂንካ የወረደ የጭነት መኪና ሾፌር ነው የነገረው። ወደ ላይ የሚሄድ መኪና አልነበረም፤ ነዳጅ በኩፖን የሚታደልበት ዘመን ነው።

ከኋላው ተፈናጠጥኩ። ሜዳው አልቆ ዳገቱ ሲጀምር ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ቀለል ሲል ያፈናጥጠኛል፣ ሲከፋ እኔ በእግሬ፣ እሱ ብስክሌቱን እየገፋ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። አንዱን ጥምዝ ጨረስን ስንል ሌላው ይመጣል። መንገዱን ስረግም፣

"ዳገት አይሰደብም፣ ይሰማል!" ይለኛል። ሁሌም የሚላት ነገር ናት።

አንድ መታጠፊያ ላይ መንገዱ ዳር ተዘረርኩ። ትንሽ ልቀመጥ ስለው፣

"አይሆንም! ተነስ!" ብሎ ጮኸብኝ። ጮኾብኝ አያውቅም ነበር።

ዳገቱ አልቆ ቀይ አፈር ከተማ ስንገባ መኪና አገኘን። ጂንካ ስንደርስ ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነው። እናቴን ቀብረዋታል።

ለካ ሾፌሩ የነገረው ሞቷን ነበር። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም ብሎ ያን ሁሉ ዳገት በሆዱ ይዞት ወጣ።

ሐዘኑ ከወጣ በኋላ ጠየቅኩት። "መሞቷን እያወቅክ ለምን እንደዚያ ተጋደልክ?"

"ለቀብሩ እንድትደርሺ ነዋ። ባንደርስም ደግሞ... ዕድሜሽን ሙሉ 'ትንሽ ብፈጥን ኖሮ' እያልሽ እንዳትኖሪ።"

እውነቱን ነው። በስንቱ ነገር ስጸጸት ኖሬያለሁ፤ በዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አልተጸጸትኩም።

ጴጥሮስ፣ ደክሞኛል። የሚቀበረው ሰው በዛብኝ፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ነገ ጠዋት ግን ከአርባ ምንጭ በመጀመሪያው መኪና እነሳለሁ። ልጆችህ አጠገብ እቀመጣለሁ።

ጌታህ በሁለት እጁ ይቀበልህ። ደህና ሁን ወንድሜ፣ እየመጣሁ ነው።