የአክስቴ ባል፣ የእኛ አሠልጣኝ

የአክስቴ ባል ብራዚላዊ ነበሩ። አማርኛ የለመዱት አክስቴ እኔን ስትጠራኝ እየሰሙ ስለሆነ ሁሉንም ሰው «ነይ» ነበር የሚሉት። በምንኖርበት ከተማ በሲልቨር ስፕሪንግ እግር ኳስ ሲያሠለጥኑን «ኮች» ነበር የምንላቸው፤ ጢም ያበቀለው ጎረምሳ ሳይቀር «ነይ!» ሲባል እየሳቀ ይሮጣል። ልምምድ ሲያልቅ በዕለቱ አብዝቶ የተሳሳተውን ተጫዋች አስቀርተው ለብቻው ያሠሩታል።

አንድ ቅዳሜ ለጨዋታ አጎራባች ከተማ አሌክሳንድሪያ ሄደን የመጨረሻውን ፍጹም ቅጣት ምት እኔ ስቼ ተሸነፍን።

«ኩዊት አደርጋለሁ፤ ከእንግዲህ አልጫወትም» አልኳቸው እያለቀስኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ። በወጣትነታቸው ፖርቱጋል ሲጫወቱ ተጎድተው ክለቡ አሰናብቷቸው ነበር።

«ታዲያ እርስዎ ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

«ማልያዬን ወሰዱ፤ የማውቀውን ግን አልወሰዱም። በማግስቱ የሰፈር ልጆች ማሠልጠን ጀመርኩ። ተነሺ፣ ኳሷን አምጪ።»

ሃያ ጊዜ አስመቱኝ።

ባለፈው ወር አረፉ። ከቀብሩ በኋላ ወላጆች «ቡድኑ ለዚህ ዓመት ይቅር» አሉ። እኔ እንቢ አልኩ። አክስቴም ኳሶቹና ፊሽካቸው ያሉበትን የመኪናቸውን ቁልፍ ሰጠችኝ።

ቅዳሜ ሜዳው ዳር እሳቸው የሚቆሙበት ቦታ ባዶ ነበር። ልጆቹ እንኳ ዞረውት ያልፉ ነበር እንጂ አልረገጡትም። ሄጄ ቆምኩበት። ከሁሉም የምታንሰው ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «ኮች ልበልሽ?» አለችኝ።

«በይኝ» አልኳትና ፊሽካውን ነፋሁ።