ከመስኮቱ በታች ያለው ግድግዳ

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ሥራ የጀመርኩ ቀን ዋልተር ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሰኝ ካዙላዬን፣ የግንበኛ ማንኪያዬን፣ ከእጄ ወስዶ አገላብጦ አየው። የቆዩ የጡብ ሕንጻዎችን የሚጠግን አነስተኛ ድርጅት ባለቤት ነው።

«የት ሠራህ?» አለኝ።

«አዲስ አበባ፣ አሥራ አንድ ዓመት። ፎቅ ነው የምሠራው።»

«በሲሚንቶ?»

«በምን ታዲያ?» አልኩት።

ሳቀና ወደ አንድ አሮጌ ቤት ጀርባ ወሰደኝ። የጡቦቹ ፊት እየተላጠ ወድቆ ውስጣቸው አፈር መስሏል። በመካከላቸው ያለው የሲሚንቶ መስመር ግን ጫፉ እንኳ አልተነካም። የድሮ ጡብ ለስላሳ ነው፤ ዝናብ ይጠጣል፤ የጠጣውን የሚተፋው በመጋጠሚያው በኩል ነው። መጋጠሚያው ኖራ ከሆነ ውሃው ይወጣል። ሲሚንቶ ከሆነ መውጫ ያጣል፣ ክረምት ሲመጣ እዚያው በረዶ ሆኖ ጡቡን ይልጠዋል። እኔ በጥንካሬ ስኮራ የኖርኩ ሰው፣ ግድግዳ በጥንካሬ እንደሚሞት የተማርኩት ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት በረዳትነት አሳለፍኩ። የረገበውን መጋጠሚያ በመሮና በትንሽ መዶሻ እቆፍራለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ጡቡን አረጥባለሁ። በሁለተኛው ዓመት ኖራ መሙላት ተፈቀደልኝ፤ አገር ቤት ስቲላቱራ የምንለው ነው። ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ውሃ ይረጭለታል። ከደረቀ ይፈረፈራል። ስለዚህ የሞላው ሰው አጠገቡ ይቆያል።

ሥራችን የሚበዛው ቤይ ብሪጅ ከሚባለው ድልድይ ማዶ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ነበር፤ ለመርከብ መንገድ የሚያሳየውን መብራት የሚጠብቁ ሰዎች ይኖሩባቸው የነበሩ ቤቶች፣ ትንንሽ ቤተ ክርስቲያኖች፣ በየመንገዱ ዳር ታሪካዊ ተብለው ምልክት የቆመላቸው ሕንጻዎች። ጎብኚዎች መኪና ያቆማሉ፣ ምልክቱን ያነባሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። መወጣጫው ላይ የቆመውን ሰው የሚያናግር የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት አለኝ ይባላል እንጂ ሳምንቱን የማሳልፈው ሞቴል ነው። አንዳንዴ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ድምፄን የምሰማው ነዳጅ ማደያ ቡና ስገዛ ብቻ ነበር። ብቸኝነቱ ከብዶኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም።

በአምስተኛው ዓመቴ ድሮ የመርከብ ቲኬት ይሸጥበት በነበረ ትንሽ የጡብ ቤት ላይ እሠራ ነበር። የደቡቡን ጎን አንድ የኤል ሳልቫዶር ሰው ጨርሶ ሄዷል። እኔ ሰሜኑን ይዤ ቀረሁ። ርክክቡ ሰኞ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ ከመስኮቱ በታች ያለው ብቻ ሲቀረኝ ጋሽ መኮንን ደወሉ። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው።

«የጌትነት እናት አርፈዋል» አሉኝ። «እሱ አልሰማም። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እቤቱ ሄደን መርዶውን እንነግረዋለን።»

ጌትነት እዚህ አገር የመጀመሪያው ጓደኛዬ ነው። አራት ዓመት አንድ ክፍል ኖረናል። እናቱን በስልክ «እማዬ» እያልኩ ነበር የማናግራቸው።

«ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ» አልኳቸው። «እስከ ሰኞ መነቃነቅ አልችልም።»

«አንተ ሳትኖር እንዴት ይሆናል? አለቃህን ኮል አድርግና ኦፍ ጠይቅ።»

አልደወልኩም። ዋልተር «እናትህ ናት?» ይለኛል፤ «አይ፣ የጓደኛዬ» እላለሁ። ሰው ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ሄዶ ለምን እንደሚያረዳ፣ ቅርብ የሆነ ሰው ለምን መቅረት እንደሌለበት እንዴት አድርጌ ላስረዳው? እዚህ አገር ማንም በኔ ቦታ አይቆምልኝም ብዬ ደመደምኩ።

ከተማው ካለው የግንባታ ዕቃ መደብር አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ገዛሁ። ኖራው ላይ ጨመርኩና አሸሁት። ያን ክንድ ተኩል የማይሞላ ግድግዳ ሳይጨልም ሞልቼ ጨረስኩ። ሌሊት ከመነሳቴ በፊት ስዳስሰው ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ ውሃም ጠባቂም አላስፈለገውም።

በሥራ ልብሴ፣ ጫማዬ ኖራ እንደለበሰ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር እኩል ጌትነት ቤት ደረስኩ። በሩን የከፈተው ራሱ ጌትነት ነው። ጋሽ መኮንንን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ ጫማዬን። እስከ ሰኞ ባሕረ ሰላጤው ዳር ሥራ ላይ እንደሆንኩ ያውቃል።

«እማዬ ናት?» አለኝ።

ይዤው መሬት ላይ ተቀመጥን።

ሰኞ ዋልተር ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰና «ጥሩ እጅ አለህ» አለኝ። አመስግኜ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ከዚያ በኋላ በየክረምቱ በረዶ በጣለ ቁጥር የማስበው ያንን መስኮት ነበር።

ስድስት ክረምት አለፈ። ጌትነት ሌላ ስቴት ሄደ፤ በዓል ሲሆን እንደዋወላለን። ዋልተር ጉልበቱን ታሞ ነበርና ፎርማን ሊያደርገኝ ማሰቡን በነገረኝ ሳምንት ወደዚያ ቤት ተጠራን። ከመስኮቱ በታች የአሥራ ሰባት ጡብ ፊት ተልጦ ወድቋል። ዋልተር ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያውን በቁልፉ ጫረው። አልተጫረም።

«ያ ሳልቫዶራዊ ነው» አለ፤ ማን የትኛውን ጎን እንደሠራ በስድስት ዓመት ውስጥ ረስቶታል። «ሲሚንቶ ከቷል። ሁለተኛ ሥራ አልሰጠውም።»

ዝም ማለት እችል ነበር፤ ሰውየው በቦታው የለም።

«እኔ ነኝ» አልኩት። መርዶውን፣ ጌትነትን፣ ጫማዬን ሁሉንም ነገርኩት።

«ለምን አልደወልክልኝም?» አለ።

«አይገባህም ብዬ።»

«ላይገባኝ ይችል ነበር» አለ። «ውሃ መርጨት ግን አያቅተኝም። ቤቴ ከዚህ ሃያ ደቂቃ ነው።»

ከአሥር ዓመት በላይ አብሬው ሠርቼ ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ፎርማንነቱን በአንድ ዓመት አዘገየብኝ፤ አልተከራከርኩም። አሥራ ሰባቱን ጡብ በመሮ አወጣሁ፣ በቁመትና በቀለም የሚመስላቸውን ፈልጌ ተካሁ፣ በኖራ ሞልቼ ጆንያ አለበስኩ። ሦስቱንም ቀን አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። ለአሮጌ ጡብ ሲሚንቶ አይሆንም። ኖራ ሦስት ቀን ውሃ ይፈልጋል። ሦስቱን ቀን መቆየት ካልቻላችሁ ለአለቃችሁ ደውሉ።