አባቴና አሮጌው የሆኪ አዳራሽ

ባለፈው ቅዳሜ ሥጋ ሻጩ ቢላውን በሞረድ ሲስል ሰማሁና ተራዬ ደርሶ እንኳ ቆሜ ቀረሁ። የሆኪ ተጫዋቾች በረዶው ላይ ድንገት ሲቆሙ የጫማቸው ብረት እንዲሁ ነበር የሚጮኸው። የዛሬ ሰው የሚያውቀው ስትሪፕ ከሚሉት የካዚኖዎች ጎዳና አጠገብ ያለውን አዲሱን አዳራሽ ነው። ከእሱ በፊት ከዊንቸስተር ሰፈር ብዙም የማይርቅ አሮጌ የሆኪ አዳራሽ ነበረ።

እናቴ ያረፈች ዓመት ነው፤ ገና ልጅ ነበርኩ። አባቴ ካዚኖ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ስለሚሠራ ረጋ ብለን የምንገናኘው እሁድ ከሰዓት ብቻ ነበር። ቤት ስንቀመጥ ወሬ ያጥረናል። ስለዚህ ወደ አዳራሹ ይወስደኝ ጀመር። ውጭ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል፤ በሩን ስናልፍ ግን ቅዝቃዜና የእርጥብ ጎማ ሽታ ይቀበለናል። አባቴ ከአገር ቤት ያመጣውን ካፖርት ትከሻዬ ላይ ጣል ያደርግልኛል። እሱ ካለፈ ወዲህ ካፖርቱ እኔ ጋ ነው፤ በዚህ ሙቀት ግን የት ይለበሳል? የጨዋታው ሕግ አይገባንም ነበር። ጎል ሲገባ ሰዉ ይነሳል፤ እኛም ትንሽ ዘግይተን እንነሳለን።

አዳራሹ ሊፈርስ ነው ተባለ። በመጨረሻው እሁድ ከጨዋታው በኋላ ተመልካቹ በረዶው ላይ እንዲወርድ ፈቀዱ። አባቴ በሥራ ጫማው ገባ። ክንዱን ያዝኩት፤ ተያይዘን ወደቅን። እዚያው ቁጭ እንዳለ ሳቀ። ከእናቴ ቀብር ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሳቁ ሲበርድለት፣ ሲያትል ከተማ ያለችው አክስቴ እሷ ዘንድ እንድኖር እንደጠየቀችው ነገረኝ።

«ሌሊቱን ብቻሽን ነው የምታድሪው። ይሄ ለልጅ አይሆንም» አለኝ።

«አንተስ?»

«እኔ ትልቅ ሰው ነኝ።»

በረዶው ልብሴን አረጠበው። ትምህርት ሲዘጋ ሄድኩ።

ኮሌጅ ጨርሼ ስመለስ ጸጉሩ ሸብቶ ነበር። ሳልጠይቀው ወደዚያ ሰፈር ነዳና ባዶው ቦታ ፊት ለፊት ፓርክ አደረገ። አዳራሹን ሲያፈርሱ ከሥራ እየወጣ እዚሁ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያይ እንደነበር አጫወተኝ።

«ብቻህን?» አልኩት።

መሪውን በአውራ ጣቱ አሻሸ።

«ካንቺ ሌላ ከማን ጋር ልመጣ?» አለኝ።

ሞተሩን አላስነሳም። እኔም እንሂድ አላልኩትም።