የቀጨኔዋ ልጅ

ቀጨኔ አዳራሽ ውስጥ የማኅበራዊ ሠራተኞችን እያሠለጠንኩ ነበር። የዕለቱ ትምህርት በአደራ ቤተሰብ ዘንድ ለጊዜው የሚያድጉ ልጆች ቋሚ ቤት የሚያገኙበት መንገድ ነው። ለልምምድ ሠልጣኟ ሄለን አሳዳጊ እናት ሆነች፤ እኔ ልጅ ልወስድ የመጣሁ ኃላፊ። ቁጭ ማለት አቅቶኝ እንጎራደዳለሁ። መስኮቱ ክፍት ነው።

«የአደራው ጊዜ አልቋል፤ ልጅቷ ዘመድ ስለሌላት ማሳደጊያ ትገባለች» አልኩ።

«ልጄን አልሰጥም!» ሄለን ጮኸች።

በሩ ተበረገደና እጇ ጭቃ የሆነ ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ገባች።

«አንተ ሰውዬ! ማሳደጊያ ብሎ ነገር የለም፤ እኔ አሳድጋታለሁ!»

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ልምምድ ነው። ልጅ የለችም።»

ሠልጣኞቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«የለችም? ባሌ እኮ ከመስኮቱ ሥር ሰምቶ አልጋ ሊበደር ሄዷል።»